የትኛው ውጤት ይላክ?

ወደ ውጭ ሀገር ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለማመልከት ለሚዘጋጁ ወጣት ባለሙያዎች በአዲስ አበባ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

የተከበራችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሁላችንም ማለት ይቻላል ያደግነው በአንድ ዓይነት ፈተና ነው። ፈተናው በመላ ሀገሪቱ በተመሳሳይ ቀን ይሰጥ ነበር፤ ውጤቱ አንድ ቀን ድንገት ይነገራል፤ የመጣው ነጥብም የምንገባበትን ዩኒቨርሲቲና የምንማረውን ትምህርት ይወስናል። ማትሪክ ለወላጆቻችንም ለእኛም እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ውጤቱን ተቀብሎ መደሰት ወይም ማዘን እንጂ «የትኛውን ላቅርብ?» ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቱ ብዙ ጎበዝ ልጆቻችን ትምህርት ቤቶቹ ከሚጠይቋቸው የመግቢያ ፈተናዎች፣ ከጂማት ወይም ከጂአርኢ፣ ሁለት ወይም ሦስት ውጤት በእጃቸው እያለ፣ አስተያይተው ሳይመርጡ፣ ድምሩ ከፍ ያለውን አንሥተው ይልካሉ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። ውጤት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ የሚቀርበው አንድን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ስለዚህ የትኛውን ውጤት እንደምትልኩ ከመወሰናችሁ በፊት፣ የቀረው ማመልከቻችሁ ሳይመልስ የተወው ጥያቄ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት፣ ሌላ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

እስቲ ማመልከቻችሁን የሚያነበውን ሰው አስቡት። ከፊቱ በአንድ ወቅት ብቻ በሺህ የሚቆጠር ፋይል አለ። የእናንተን ሲከፍት ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የትምህርት ማስረጃ ያገኛል፤ አማካይ ነጥቡ 3.1 ነው እንበል። እኛ ይህ 3.1 ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በአንዳንድ የምህንድስና ክፍሎች 3.1 ማምጣት ከክፍሉ የፊተኞቹ ተርታ መሰለፍ እንደነበረ፣ ነጥብ በቀላሉ የማይሰጥባቸው መምህራን እንደነበሩ፣ በሌላ ክፍል ደግሞ ያው ቁጥር ብዙም የማያስደንቅ እንደነበረ እናውቃለን። አንባቢው ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ከአሜሪካ ኮሌጅ የተመረቀ አመልካች ሲመጣለት ትምህርት ቤቱን ያውቀዋል፤ ከዚያ ኮሌጅ ባለፉት ዓመታት የገቡ ተማሪዎችም እንዴት እንደተማሩ መዝገብ አለው። ስለ እኛ ዩኒቨርሲቲዎች ያለው መዝገብ ግን ስስ ነው። የፈተና ውጤት ለእኛ አመልካቾች ክብደቱ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንባቢው ከቦስተን፣ ከሙምባይና ከአዲስ አበባ የመጡትን ሦስት ሰዎች በአንድ መስፈሪያ ለመለካት የሚችልበት ጥቂቱ ነገር እሱ ነውና።

አንባቢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄም ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት የኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ትምህርት ፋይናንስ፣ አካውንቲንግ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሚክስ በፍጥነት የሚፈስበት ነው፤ ይህ ሰው ይወጣዋል ወይ? በባንክ የብድር ትንተና ክፍል አምስት ዓመት የሠራች፣ በአካውንቲንግም የተመረቀች እኅት ይህን ጥያቄ በሥራዋና በትምህርቷ መልሳዋለች። ለእሷ ክፍት የሆነው ጥያቄ ምናልባት ሌላ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ጉዳይ አንብባ፣ በዘጠና ሰዎች መሐል ተነሥታ ልትከራከር ትችላለች ወይ የሚለው ነው። በግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ የኖረ፣ በሕግ ወይም በሥነ ጽሑፍ የተመረቀ ወንድም ግን በንግግሩና በጽሑፉ ማንም አይጠረጥረውም፤ የሚጠረጠረው በቁጥሩ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ሁለት ውጤት በእጃቸው ቢኖር እንኳ፣ መላክ ያለባቸው የተለያየውን ነው።

የራሴን ታሪክ የምነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በሕግ ነው። ጂአርኢን ሁለት ጊዜ ተፈተንሁ። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ንባብና ቃላትን በሚለካው የቃል ክፍል 163፣ ሒሳብን በሚለካው የቁጥር ክፍል 157 አመጣሁ፤ በሁለተኛው በቃል 157፣ በቁጥር 162። ደምሬ አየሁት፤ የመጀመሪያው 320፣ ሁለተኛው 319 ሆነ። በአንድ ነጥብ ስለበለጠ የመጀመሪያውን ላክሁ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ የሁለቱን ክፍሎች ድምር በውጤት ወረቀቱ ላይ እንደማያወጣ እንኳ ልብ አላልሁም ነበር፤ ድምሩን የፈጠርሁት እኔ ነበርሁ። አንድ ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ፤ ከተመደበልኝ ጊዜ ግማሹን ያህል ያለፈው ጠያቂዬ በልዩ ልዩ መንገድ «ከቁጥር ጋር እንዴት ነህ?» እያሉ ሲመላለሱ ነው። መልስ ሊሆነኝ የሚችለው 162 በቤቴ ተቀምጧል፤ በፋይሌ ውስጥ ያለው 157 ነው። አልተቀበሉኝም። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልናገርም፤ ማንም አልነገረኝምና። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለተኛውን ውጤት፣ ከስታቲስቲክስና ከአካውንቲንግ ኮርስ ጋር አድርጌ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ላክሁ፤ በቃለ መጠይቆቹ ላይ ስለ ቁጥር የጠየቀኝ አልነበረም፤ ስለ ሥራዬ ነበር የተወያየነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝና ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር የፐርሰንታይል ጉዳይ ነው። ፐርሰንታይል ማለት ከተፈታኞች ስንት በመቶ የሚሆኑት ከእናንተ በታች እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በጂአርኢ ሁለቱም ክፍሎች ከ130 እስከ 170 ይለካሉ፤ ስለዚህ 160 እና 160 እኩል ይመስላሉ። እኩል አይደሉም። በቅርብ ዓመታት በቃል ክፍል 160 ያመጣ ሰው ከሰማንያ በመቶ በላይ የሚሆኑትን ተፈታኞች ይበልጣል፤ በቁጥር ክፍል ያው 160 ግን ከተፈታኞች መሐል ግማሽ አካባቢ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ በሒሳብ የበረቱ ብዙ ምህንድስናና ኮምፒዩተር ተማሪዎች ይህን ፈተና ይወስዳሉ። የእኔ 157 ከግማሽ በታች፣ 162 ደግሞ ከግማሽ በላይ ነበር። ያ አምስት ነጥብ የግማሹን መሥመር ያሻገረኝ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ነጥብ ድምር ለወጥሁት። በአዲሱ ጂማትም እንዲሁ ነው፤ ሦስቱም ክፍሎች ከ60 እስከ 90 ይለካሉ፣ ነገር ግን ከሰንጠረዥና ከግራፍ መረጃ መተንተንን በሚለካው በዳታ ኢንሳይትስ 80 ያመጣ በቁጥር ክፍል 80 ካመጣው ይልቅ ብዙ ሰው በልጧል።

አዲሱ ጂማት ስል አሮጌም አለ ማለት ነው፤ በዚህም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሁን በመካከላችሁ ሁለቱንም የያዛችሁ አላችሁና። ጂማት በ1953 በተሰባሰቡ ዘጠኝ የአሜሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የተጀመረ ፈተና ነው። ለረጅም ዘመን ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ነበር፤ «700 አመጣ» ማለትም በእኛ ዘንድ እንኳ እንደ ማዕረግ ይነገር ነበር። በኅዳር 2023 አጠር ያለው እትም ጀመረ፤ አሮጌው በጥር 2024 መጨረሻ ቆመ። አዲሱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ቁጥር፣ ቃልና ዳታ ኢንሳይትስ የሚባሉ እኩል 45 ደቂቃ የተሰጣቸው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ድርሰት የለውም፣ ጂኦሜትሪ ወጥቷል፣ የሰዋስው እርማት ጥያቄም ወጥቷል። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሁልጊዜ በ5 ያበቃል፤ መጨረሻው 5 ከሆነ አዲስ፣ 0 ከሆነ አሮጌ መሆኑን በዚህ ትለያላችሁ። መለኪያው ግን ያው አይደለም። ከአዲሱ 645 ከአሮጌው 700 ጋር በደረጃ ይስተካከላል። ስለዚህ አሮጌ 700 እና አዲስ 655 የያዘ ሰው ያለምንም ማመንታት አዲሱን መላክ አለበት፤ ቁጥሩ ቢያንስም የቆመበት ቦታ ይበልጣልና። ውጤቶቹ ለአምስት ዓመት ስለሚያገለግሉ ይህ ግራ መጋባት ገና ጥቂት ጊዜ አብሮን ይቆያል።

«ጂማት ይሻላል ወይስ ጂአርኢ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይነሣል። ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ጂአርኢን መቀበል ከጀመረ ከ2009 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም በእኩል እንደሚያዩ በግልጽ ይናገራሉ፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ልዩነቱ ያለው በፈተናው ጠባይ ላይ ነው። ጂአርኢ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በታች የሚያልቅ ሆኗል፤ በቁጥር ክፍሉ ካልኩሌተር በስክሪኑ ላይ ይሰጣል፤ የቃል ክፍሉ ግን ብዙ ብርቅ የእንግሊዝኛ ቃላት ማወቅን ይጠይቃል፣ ይህም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማርን ሰዎች ከባድ ነው። የጂማት የቃል ክፍል አሁን ንባብና የክርክር ምርመራ ብቻ ስለሆነ ቃላት ከመሸምደድ ያድናል፤ በአንጻሩ የቁጥር ክፍሉ ካልኩሌተር አይፈቅድም፤ የሚፈቀደው በዳታ ኢንሳይትስ ብቻ ነው። ሁለቱንም የተፈተኑ ሰዎች ውጤታቸውን ለማወዳደር ኢቲኤስ ያወጣውን መቀየሪያ ይጠቀማሉ። መቀየሪያው የተሠራው ለአሮጌው ጂማት ሲሆን፣ የሚሰጠው ግምት በ50 ነጥብ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊስት እንደሚችል አዘጋጁ ራሱ ይናገራል። ሃምሳ ነጥብ ማለት በዚያ መለኪያ በ680 እና በ730 መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ መቀየሪያው ሁለቱን ውጤቶቻችሁን ተቀራራቢ ካደረጋቸው፣ የክፍሎቹን ፐርሰንታይል ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፍረዱ እንጂ በተቀየረው ድምር አትወስኑ። ከተመረቃችሁ በኋላ ወደ አማካሪ ድርጅቶች ወይም ወደ ኢንቨስትመንት ባንክ ልትገቡ የምታስቡ ከሆነ፣ አንዳንድ ቀጣሪዎች የጂማት ውጤት እንደሚጠይቁም አስታውሱ።

ትምህርት ቤቶቹም የራሳቸው ፍላጎት አላቸው። የሚቀበሉትን ክፍል የውጤት አማካይ ወይም መካከለኛ፣ ማለትም ክፍሉን ለሁለት እኩል የሚከፍለውን ቁጥር፣ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፤ እንደ ዩኤስ ኒውስ ያሉ የደረጃ ሰንጠረዦችም ይህን ቁጥር ይቆጥራሉ። ስለዚህ የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት የክፍል መግለጫ አንብቡ። ከመካከለኛው በላይ የሆነ ውጤት ካላችሁ እሱ ራሱ ድምፅ አለው፤ ከመካከለኛው በታች ከሆነ ግን ግማሹ ክፍል ከዚያ ቁጥር በታች ሆኖ የገባ መሆኑን አትርሱ፤ ብዙ ወዳጆቼ በዚህ ቁጥር ደንግጠው ማመልከት የሚገባቸውን ትምህርት ቤት ትተዋል፣ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልምጣ፤ ምርጫ የሚኖራችሁ ሥርዓቱ እስከፈቀደላችሁ ድረስ ነውና። በአሮጌው ጂማት የሚላከው ወረቀት በአምስት ዓመት ውስጥ ያልተሰረዙትን ውጤቶች ሁሉ ይዞ ይሄድ ነበር። በአዲሱ ውጤታችሁን አይታችሁ፣ ከዚያ የምትልኩበትን ትመርጣላችሁ፤ ወረቀቱም የመረጣችሁትን አንድ ፈተና ብቻ ይይዛል። ኦፊሴላዊው ውጤት ከደረሳችሁ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ከላካችሁ አምስት ትምህርት ቤት ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሄዳል፤ ስለዚህ የትምህርት ቤቶቻችሁ ዝርዝር ከፈተናው በፊት የተዘጋጀ ይሁን። በጂአርኢ ስኮር ሴሌክት የሚባል ምርጫ አለ። በፈተናው ዕለት ያለ ክፍያ እስከ አራት ቦታ ስትልኩ የዕለቱን ወይም ሁሉንም ብቻ ነው መምረጥ የምትችሉት፤ ከዚያ በኋላ ከፍላችሁ ስትልኩ የፈለጋችሁትን ቀን ውጤት ለይታችሁ መላክ ትችላላችሁ። ሆኖም አንድ ቀን ከመረጣችሁ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይሄዳል፤ የአንዱን ቀን ቃል ከሌላው ቀን ቁጥር ጋር መቀጠል አይቻልም። የእኔ 163 እና የእኔ 162 በአንድ ወረቀት ላይ ሊገናኙ የማይችሉት በዚህ ነው። ሁለቱንም ቀን አብሮ መላክ ግን ይቻላል፤ የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት ከየቀኑ የበለጠውን ክፍል አያለሁ ብሎ የጻፈ ከሆነ ይህ መልካም መንገድ ነው። ካልጻፈ በኢሜይል ጠይቁ፤ የመግቢያ ቢሮ ሠራተኞች ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ይመልሳሉ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች በማመልከቻው ጊዜ ውጤታችሁን ራሳችሁ እንድትሞሉ ይፈቅዳሉ፤ ኦፊሴላዊውን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ገንዘብ ያድናል። የምትሞሉት ቁጥር ግን ከወረቀቱ ጋር በአንድ ነጥብ እንኳ መለያየት የለበትም፤ ማመልከቻው «የወሰድሃቸውን ፈተናዎች ሁሉ ጥቀስ» የሚል ከሆነም ሁሉንም ጥቀሱ። መምረጥ ማለት በተፈቀደው ውስጥ መምረጥ ነው፤ የተጠየቁትን መደበቅ ከተቀበሏችሁ በኋላ እንኳ ቦታችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ «ጭራሽ ባልልክስ?» ትላላችሁ። በ2020 ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ ኤምአይቲ ስሎንን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ያለ ፈተና ውጤት ማመልከት ፈቅደው ነበር፤ ዛሬም ውጤት እንዲቀርላቸው ለሚጠይቁ ፈቃድ የሚሰጡ አሉ። ፈቃዱ ለሁሉም አመልካች እኩል እንደማይጠቅም ግን ልንገራችሁ። አንባቢው በሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የተመረቀ ሰው ውጤት ባይልክ የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው። እኛ ውጤቱን ስናስቀር ግን፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ አንባቢው እኛን የሚለካበትን መስፈሪያ እያነሣንበት ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ውጤታችሁ በግልጽ ደካማ ካልሆነ በቀር፣ ላኩ የሚል ነው። ደካማ ከሆነም በምትኩ የሚቆም ነገር ይኑር፤ ለምሳሌ ሃርቫርድ በኢንተርኔት የሚሰጠው ኮር የተባለው የኢኮኖሚክስ፣ የአካውንቲንግና የዳታ ትንተና ትምህርት ለዚህ የተመቸ ነው። ዐሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ሠርታችሁ ለኤግዚክዩቲቭ ኤምቢኤ የምታመለክቱ ደግሞ በ2016 የተጀመረውን፣ በዘጠና ደቂቃ የሚያልቀውን ኤግዚክዩቲቭ አሰስመንት የተባለውን ፈተና ተመልከቱ።

እንደገና መፈተን አለብኝ ወይ የሚለው ጥያቄ በእኛ ሀገር የገንዘብ ጥያቄም ነው። ፈተናዎቹ ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፤ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ክፍያ ለአንድ ደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በድምሩ ላይ ዐሥር ነጥብ ለመጨመር ብላችሁ አትፈተኑ። ክፍት የሆነውን ጥያቄ የሚመልሰው ክፍል ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ በልምምድ ፈተናዎችም ከፍ ማለቱን ደጋግማችሁ ካያችሁ፣ ያኔ ገንዘቡ ይገባዋል። ቀኑንም ቁጠሩ። ጂማትን እንደገና ለመውሰድ 16 ቀን፣ ጂአርኢን ለመውሰድ 21 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። የብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለተኛ የማመልከቻ ዙር የሚዘጋው በገና ሰሞን፣ በጥር ወር መጀመሪያ ቀናት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ፈተናችሁ ከኅዳር መጀመሪያ ካለፈ ለሁለተኛው በቂ የዝግጅት ጊዜ አይተርፋችሁም።

ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ጥቂት ብዬ ላብቃ። የቶፍልና የአይልትስ ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የአምስት ዓመቱን ጂማት ይዘው የእንግሊዝኛው ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ቶፍል ከ2019 ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተወሰዱት ፈተናዎች የየክፍሉን የበለጠ ውጤት አሰባስቦ በወረቀቱ ላይ ያሳያል፤ ትምህርት ቤቱ ያንን ይቀበል እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑም፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከሬጅስትራር የሚጻፍ ደብዳቤ አይተው ይህን ፈተና ያስቀሩላችኋል፤ ሌሎች የሚያስቀሩት በዝርዝር ለጠቀሷቸው ሀገሮች ተመራቂዎች ብቻ ነው። ደብዳቤው በእኛ ቢሮዎች ቶሎ ላይወጣ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ለማንኛውም ፈተና ስትመዘገቡ ስማችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ፓስፖርታችሁ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል አስገቡ፤ በዲግሪያችሁ ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል በሌላ መንገድ ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም የአያት ስም ከሌለው፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በማመልከቻው ላይ በአጭሩ አስረዱ። ለማስረዳት በተሰጠው ቦታ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ስም ሳይገጥም ቀርቶ ውጤቱ ከፋይሉ ጋር ሳይገናኝ የመጨረሻው ቀን ያለፈበት ሰው አውቃለሁና።